ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ እንቁላል ለማስፈልፈል ማሽን ይሻላል ወይስ ያቀፈች ዶሮ?

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ማስፈልፈያ ማሽን የት ልግዛ?» እንቁላሉን ከየት እንደሚያመጡና መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ግን ሦስቱም አላሰቡበትም። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ ገዝቼ፣ ተውሼና ከስሬ ያወቅሁትን አንድ ላይ ልጻፈው። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍሁት በሚቀጥለው ወር ውሸታም ያደርገኛል።

ከማሽኑ በፊት እንቁላሉ ይምጣ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ የሚተነው ውሃ ደግሞ ይበዛል። ደጋ ለምደው የኖሩ ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል ይህን ይችለዋል፤ የቆላው ግን ይቸገራል። እኔ ርካሽ ነው ብዬ ከሸዋ ሮቢት አንድ ካርቶን ሙሉ አምጥቼ ነበር። ጣርማ በርን ሲወጣ መኪናው ያንገጫገጨውም ተጨምሮበት ይሆናል፣ ከግማሹ በላይ ቅርፊቱ ውስጥ ቀረ። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ወር፣ ከጎረቤቴ የገዛሁት የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ደህና ወጣልኝ። ከሱቅ የሚገዛውንማ እርሱት፦ የእንቁላል ጣይ ዶሮ እርባታዎች አውራ ዶሮ አያስገቡም፤ ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል 21 ቀን ቢሞቅ ይገማል እንጂ ጫጩት አይሆንም። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለችውን ዲቃላ ከአውራ ጋር አድርገው ቢያስፈለፍሉ እንኳ ልጅቷ እንደ እናቷ አትጥልም።

ወደ ምርጫዎቹ ልምጣ።

ከ12 እንቁላል የማያልፍ ሰው ማሽን አይግዛ። ያቀፈች የሀበሻ ዶሮ ይፈልግ፤ ከሌለችው ከጎረቤት ይዋስ። እሷ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ማገላበጡን ሁሉ ራሷ ታውቀዋለች፤ የመብራት ቆጣሪም የላትም። ጭድ የበዛበት ጨለም ያለ ጥግ፣ ውሃና እህል በቅርብ፣ ድመት የማይገባበት በር ይበቃታል። ሌላ ዶሮ ጎጆዋ ገብታ እንዳትጨምርባት እንቁላሎቹን በከሰል ምልክት ያድርጉባቸው። እናቴ ይህን ስታደርግ እስቅ ነበር፤ ከእሷ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም።

ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚመጣው ትንሹ የፕላስቲክ ማሽን ዓይን ይማርካል። በራሱ ያገላብጣል፣ ቁጥር ያሳያል፣ አንዳንዱም በመኪና ባትሪ ይሠራል። ባትሪ የማይቀበለውን እዚህ አገር አይግዙት። ግድግዳው ስስ ነውና የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ያሸንፈዋል። እኔ መሐል ክፍል ውስጥ አስገብቼ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ሳልሸፍን፣ በከተማችን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የተጠቀምሁበት። ሁለተኛው ችግሩ ውሸቱ ነው። የእኔው ለዶሮ እንቁላል የሚፈለገውን 37.8 ዲግሪ እያሳየ በውስጡ 36.5 ነበር። መለኪያውን በፈላ ውሃ ፈትሼዋለሁ የሚልዎትን እንዳይሰሙ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደለም። ከፋርማሲ የሚገዛውን የሰው ትኩሳት መለኪያ አጠገቡ አስገብተው ያመሳክሩ፤ ለዚህ ሥራ ከዚያ የሚሻል የለም።

የእኔ ምርጫ ከተማው ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤቶች በትእዛዝ የሚሠሩት ሳጥን ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ቢበላሽም ሠሪው እዚሁ ነው። ስታዝዙ ሦስት ነገር አስገድዱ፦ ማራገቢያ ይኑረው፤ አንዱ አምፖል ቢቃጠል ሌላው እንዲይዝ ሁለት አምፖል ይኑረው፤ ሳይከፈት የሚታይበት መስታወት ይኑረው። ማራገቢያ የሌለው ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ሲቃጠል ታችኛው ይቀዘቅዛል። ማገላበጡ በእጅ ነው፤ በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ። ከዚያ በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ።

መብራት ሲጠፋ ሰው ይደነግጥና በሩን ይከፍታል። አይክፈቱት። ሙቅ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አንድ ጊዜ አስገብተው ይዝጉት። ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ ፅንሱን ያዘገየዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይገድለውም፤ ወደ 40 ዲግሪ መውጣት ነው የሚገድለው።

ስለ እርጥበት፦ መጽሐፉ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 በላይ ይላል። የእኛ በጋ ደረቅ ነው፤ ስስ አየሩም ውሃውን ቶሎ ያተንነዋል፤ ስለዚህ ከመለኪያው ይልቅ ሚዛን አምናለሁ። አሥር እንቁላል 500 ግራም ከመዘነ በ18ኛው ቀን ከ435 እስከ 440 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ከቀለለ ውሃ ይጨምሩ፣ ከከበደ የውሃውን ሳህን ያሳንሱ። የአየር ቀዳዳውን ዘግተው እርጥበት ለመያዝ ግን አይሞክሩ፤ ኦክስጅን በሚያንስበት አገር ያ ማፈን ነው።

በክፍያ የሚያስፈለፍሉ ሰዎችም አሉ። ስሙን የማልጠራው አንዱ ዘንድ 60 እንቁላል ሰጥቼ 22 ጫጩት ተቀበልሁ፤ ከመካከላቸው ባዶ አንገት የሆኑ ነበሩ። የእኔ ዶሮዎች ግን አንገታቸው ላባ የለበሰ ነው! ከዚያ ወዲህ በእንቁላል ሳይሆን በተፈለፈለ ጫጩት የሚያስከፍል ብቻ ነው የምመክረው። እንቁላልዎ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ በሰባተኛው ቀንም በስልክ መብራት አብረው ይዩት። ደም ሥር የማይታይበትን፣ ማለትም ፅንስ ያልያዘውን፣ ያን ጊዜውኑ አውጥቶ ያልቆጠረ ሰው በ21ኛው ቀን ታሪክ ነው የሚነግርዎ።

ዓላማዎ እንቁላል መሸጥ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ትተው የ45 ቀን ቄብ ይግዙ። ሲገዙ የፈንግልና የጉምቦሮ በሽታ ክትባት መቼ እንደተሰጣት በጽሑፍ ይጠይቁ። ራስዎ ካስፈለፈሉ ማስከተቡ የእርስዎ ነው፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ብልቃጡ ለብዙ ጫጩት ነው፣ ከተበጠበጠም በኋላ አያድርም። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ቀን ተስማምታችሁ በአንድነት ግዙት።

ከመሐል ሜዳ ለጠየቁኝ እመቤት፦ መብራት በሌለበት ለጫጩት ማሞቂያ ሃይቦክስ ይበቃል። ዙሪያው ድርቆሽ የታጨቀ ሳጥን ነው፤ ጫጩቶቹ ሌሊት ገብተው በገዛ ሙቀታቸው ያድራሉ። ቁጥራቸው ከበዛ ይታፈናሉ፣ ካነሰም አይሞቃቸውም። በመንዝ ብርድ የመጀመሪያዋን ሳምንት ሙቅ ውሃ በጄሪካን ብትጨምሩበት ደግ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሸዋ ሮቢት ያለው የእህቴ ልጅ ሽንኩርት ሲኮተኩት ባቄላ የሚያህሉ ነጫጭ እንቁላሎች አገኘና «አጎቴ፣ እስስቷ ስትቀብር አይቻታለሁ፤ በማሽንህ አስፈልፍልልኝ» አለኝ። ጎረቤቶቹ መርዝ ነው ብለው ሊረግጡት ነበር። እስስት መርዝ የላትም። ማሽኔ ግን ይገድላቸዋል፦ 37.8 ዲግሪ ለዶሮ ነው፤ የእስስት እንቁላል ለብ ያለ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ማገላበጡም ፅንሱን ያጠፋዋል። የዶሮ እንቁላል ካልተገላበጠ ይበላሻል፤ የእስስቱ ሲገላበጥ ነው የሚበላሸው። ቅርፊቱም ለስላሳ ስለሆነ ከእርጥብ አፈር ውሃ እየሳበ ያብጣል። እናትየዋ ከቀበረችው በኋላ ተመልሳ አታየውም፤ ያቀፈው መሬቱ ነው። «የላዩ ወገን ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግ፣ ነጥቡን ወደ ላይ እንዳደረግህ በነበረበት ጥልቀት መልሰህ ቅበረው፤ እስስቷንም እንዳትይዛት» አልሁት። ዙሪያውን በድንጋይ ከቦ ያን መደብ ሳይኮተኩት ትቶታል። በየሳምንቱ እየደወለ «እስካሁን ምንም የለም» ይለኛል።