የጎመን ሙከራዬ አርሲቢዲ ነው ወይስ ስፕሊት ፕሎት?

የሰበታዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ማሟያ ሙከራዬን የሠራሁት ከሰበታ ወጣ ብሎ ወደ ወንዝ በሚያዘነብል ማሳ ላይ ነው። ማሳውን ከላይ ወደ ታች በ3 ብሎክ ከፍዬዋለሁ፤ በየብሎኩ ካሉት 2 ቦዮች አንዱ በየ3 ቀኑ፣ ሌላው በየ6 ቀኑ ውሃ ያገኛል። በእያንዳንዱ ቦይ ላይ ባሉት 4 መደቦች ደግሞ ማዳበሪያ የሌለው፣ ኮምፖስት፣ ዩሪያ፣ እንዲሁም ኮምፖስት ከዩሪያ ጋር በዕጣ ተመድበዋል። ከየመደቡ 5 ጥቅል ጎመን ስለመዘንኩ 120 ቁጥር አለኝ። «8 ትሪትመንት ያለው አርሲቢዲ» (8ቱም የውሃና የማዳበሪያ ውህዶች በየብሎኩ ውስጥ በዕጣ የሚበተኑበት ዲዛይን) ብዬ ብጽፍ አማካሪዬ «ዲዛይኑን በትክክል ለይተሽ አምጪ» ብለው መለሱልኝ። «ፋክቶሪያል» ብዬ ባርመው ይበቃል?

የመስክ ሰው፦ አይበቃም፣ እህቴ። ፋክቶሪያል ትሪትመንቶቹ እንዴት እንደተጣመሩ እንጂ ማሳው ላይ እንዴት እንደተመደቡ አይናገርም፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ የውሃው ዕጣ የወጣው ለመደብ ነው ወይስ ለቦይ?

የሰበታዋ፦ ለቦይ ነው። ሞተሩ ከተነሳ ቦዩን በሙሉ ስለሚያጠጣ መደብ ለይቶ ማጠጣት አልተቻለም። ብጣሽ ወረቀት ኮፍያ ውስጥ ጨምረን የውሃውን ዕጣ ያወጣነውም ለየብሎኩ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

የመስክ ሰው፦ እንግዲያው ስፕሊት ፕሎት ነው፤ ማለትም አንዱ ዕጣ ለትልቁ ክፍል፣ ሌላው ደግሞ በውስጡ ላሉት ትናንሽ ክፍሎች የሚወጣበት ዲዛይን፤ ቦዩ ዋናው ፕሎት፣ መደቡ ንዑሱ ነው። 8ቱ ውህዶች በየብሎኩ ውስጥ አንድ ላይ በዕጣ ተበትነው ቢሆን ኖሮ አርሲቢዲ ይሆን ነበር፣ ለኤረሩም (በትሪትመንቱም በብሎኩም ለማይገለጸው ልዩነት) 14 ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም (ልዩነቱን ለመገመት የሚያገለግል የነጻ መረጃ ብዛት) ይኖርሽ ነበር። አሁን ግን ኤረሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ማዳበሪያውና መስተጋብሩ (የማዳበሪያው ውጤት እንደ ውሃው መለያየቱ) 12 ባለው ሲፈተኑ፣ ውሃው 2 ብቻ ባለው ይፈተናል። ስለዚህ ስለ ውሃው ስትጽፊ ቆጠብ በይ።

ቁጥር ወዳድ፦ 120 የሚለውንም ይተዉት። ማዳበሪያው የተሰጠው ለመደቡ እንጂ ለእያንዳንዱ ጎመን ስላልሆነ፣ የ5ቱን አማካይ ወስደው በ24 ቁጥር ይሥሩ፤ አለበለዚያ ኤረሩ ያለአግባብ ያንሳል። በነገራችን ላይ፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1933 በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠሩ ስለነበር፣ «ፕሎት» የሚለው የማሳ ቃል ዛሬ በፋብሪካ ሙከራ ላይ ሳይቀር ይነገራል።

የሰበታዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማሳውን ንድፍ አሁን ዘርግቼ ሳየው፣ በየ3 ቀኑ የሚጠጡት 4 መደቦች በሦስቱም ብሎኮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል።