በጨረቃ ላይ ለሚካሄድ የዝላይ ጌም ስበቱን እንዴት ላስተካክል?

ተጫዋቹ ከመድረክ ወደ መድረክ እየዘለለ የሚጓዝበት፣ ታሪኩ በጨረቃ ላይ የሚካሄድ የቪዲዮ ጌም እየሠራሁ ስለሆነ፣ በሙያው የቆያችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምድር ስበት በሰከንድ ስኩዌር 9.8 ሜትር ሲሆን የጨረቃው 1.62 ነው። የዝላዩን የመነሻ ፍጥነት ሳልቀይር ይህንን ቁጥር ሳስገባ ገጸ ባሕርዩ ስድስት እጥፍ ያህል ከፍ ይላል፤ እስኪያርፍ የሚወስድበት ጊዜም በዚያው ልክ ስለሚረዝም ተጫዋቹ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ያለ ሥራ ይጠብቃል። ከፍታውን ከምድሩ ጋር እኩል ለማድረግ ፍጥነቱን ብቀንሰው እንኳ ቆይታው ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይጠጋል። ስበቱን ባሳድገው ችግሩ በቀላሉ ይወገዳል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ጨረቃ የምትቀረው በጀርባ ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሕዋው በተጫዋቹ ጣቶች ላይ እንዲሰማ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ጋላክሲ የተባለው ጌም ትንንሽ ክብ ፕላኔቶችን ሠርቶ ስበቱን ወደየመሐላቸው በማዞር ሕዋን የጨዋታው አካል አድርጎታል። የእኔ ጌም ግን ከጎን የሚታይ ስለሆነ ሌላ መንገድ አስቤአለሁ፦ ከመሬት ከተነሣ በኋላ አቅጣጫ የሚያስቀይር፣ ግን ቶሎ የሚያልቅ የጋዝ መግፊያ ብሰጠው ረጅሙ ቆይታ የውሳኔ ጊዜ ይሆናል። (ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ክንፍም ሆነ ፓራሹት አይሆንም።)

ጋዙ በእያንዳንዱ ማረፊያ ይሞላ ወይስ በደረጃው ውስጥ ተበትኖ ይገኝ? በመድረኮቹ መካከል ያለውን ርቀትስ በምን ስሌት ልወስን?