መኝታዬም ስቱዲዮዬም አንድ ክፍል ነው፤ በትንሽ ብር እንዴት ላደራጀው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይቻለሁ። ሦስት በአራት ነው። የምተኛውም የምስለውም እዚያው ነው፤ የምጠቀመው የዘይት ቀለም ነው። አንዱ መስኮት ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። ያለኝ 8 ሺህ ብር ነው። ኢዝል (የሸራ ማቆሚያ) ልግዛበት ወይስ መብራት? እስኪ ምከሩኝ።

ሠዓሊ ከስድስት ኪሎ፦ እህቴ፣ ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ብርሃኑን እዪ። ሸራሽን ከሰሜኑ መስኮት አጠገብ አድርጊው። በምሥራቁ በኩል የጠዋት ፀሐይ ቀለሙን ታሳስትሻለች። ግን «በሰሜን መስኮት ፀሐይ በቀጥታ አትገባም» የሚባለው ለአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ የምትዞረው በሰሜን በኩል ነው። በክረምት ደመናው ይሸፍናታል፤ ግንቦት ላይ ግን ትገባብሻለች። ስስ ነጭ ጨርቅ መስኮቱ ላይ ብትዘረጊ ብርሃኑ ይለዝባል። ቀኝ እጅ ከሆንሽ ብርሃኑ በግራሽ ይምጣ፤ የእጅሽ ጥላ ሥራሽ ላይ አያርፍም። ለማታ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል፤ ሁለት ከሆኑ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ይሁን።

አናጢ ነኝ፦ ኢዝል አትግዢ፣ ቦታም ይፈጅብሻል። ሁለት ሞራሌ ግድግዳው ላይ አቁመሽ ምቺ። በየመሃሉ ቀዳዳ አስበሺና ሸራው የሚያርፍበትን እንጨት በብሎን ከፍ ዝቅ አድርጊው። ጭቃው ብቻውን ሚስማር አይዝም። ቀጭን ሚስማር እየመታሽ ሞክሪ፤ ጭቃ ላይ ሰተት ብሎ ይገባል፣ እንጨት ሲያገኝ እምቢ ይላል። እዚያ ነው ማሰር ያለብሽ። አከራይሽን ግን ቀድመሽ አስፈቅጂ።

የሥዕል መምህርት፦ እኔን ያሳሰበኝ መኝታሽ ነው፣ ልጄ። ተርፔንታይንና ቲነር (የቀለም ማቅጠኛዎቹ) በሚተንበት ክፍል አይተኛም፤ ከሰልም አይቀጣጠልም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ሲደርቅ በራሱ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው፤ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺው። ለጊዜው በውሃ ወደሚቀጥነው ቀለም፣ ወደ አክሪሊክ ብትዞሪ ደስ ይለኛል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አክሪሊክ እሞክራለሁ። ሸራ ግን ዋጋው አልቀመስ ብሏል።

ሠዓሊ ከስድስት ኪሎ፦ መርካቶ ወፍራም አቡጀዲ በሜትር ግዢ። በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ ስታርቹ ይለቃል። ፍሬም ላይ ስትወጥሪ ከየጎኑ መሃል ጀምረሽ ወደ ማዕዘን ሂጂ፤ አለበለዚያ ይጨማደዳል። ለልምምድ ነጭ የግድግዳ ቀለም ከኮላ ጋር ቀላቅለሽ ሁለቴ ቀቢው። ለሚሸጥ ሥራ ግን ጌሶ (ከመሳልሽ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባ መነሻ ቀለም) ግዢ፣ እዚህ ላይ አትቆጥቢ።

አናጢ ነኝ፦ የጨረስሻቸውን ሥዕሎች ደግሞ ወለል ላይ አታስቀምጪ። የጭቃ ቤት በክረምት እርጥበት ይስባል። ከአልጋሽ በላይ መደርደሪያ ምቺላቸው፤ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ አየር ይግባቸው።