የድሮው ጋጣ ሊወድቅብኝ ነው፣ ቶሎ መላ በሉኝ!

የግቢው ልጅ፦ ወገኖች፣ ፒያሳ ነኝ። ከአያቴ ቤት ጀርባ ያለው የጭቃ ጋጣ በትናንቱ ዝናብ ጥጉ ወደ ውጭ ተነፋ። የማዕዘኑን ቋሚ ሥሩን በሚስማር ብወጋው እስከ ራሱ ገባ። ግንበኛው «አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» ይላል። እኔ አላፈርሰውም። ለልስን ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃኛል?

አናጺው፦ ሲሚንቶውን ተወው። መጀመሪያ ደግፈው። በሁለቱም በኩል ጠንካራ አጣና ከላይኛው አግዳሚ ሥር አቁም። አጣናው ጭቃው ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርግ። ዛሬ ማታ ማንም እዚያ አይግባ።

ሰፈርተኛ፦ ፈረሱ ከሄደ ስንት ዘመኑ! አሁን ጋጣው ራሱ ሊራገጥ ተነሳ እንጂ። ለማንኛውም ደግፈው ወንድሜ።

ጋሼ፦ ልጄ፣ እንጨቱን ሳታውቅ አትቁረጥ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ እስኪገባ ድረስ የአዲስ አበባ ቤት የሚቆመው በአገሩ ዛፍ ነበር። ጽድ ከሆነ ውስጡ ቀላ ይላል፣ ሲፋቅ እንደ እርሳስ ይሸታል። ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። እንዲህ ያለው እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል?

አናጺው፦ የግድግዳው ታች ሲሚንቶ ተለስኗል እንዴ?

የግቢው ልጅ፦ አዎ፣ አባቴ እስከ ጉልበት አስለስኖታል። አልነገርኳችሁም?

አናጺው፦ በሽታው እሱ ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ከደገፍክ በኋላ ልስኑን ቀስ ብለህ አንሣ። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠህ ደረቅ የጽድ ቁራጭ ቀጥል። ጫፎቹን ግማሽ ግማሽ ጠርበህ አጋጥማቸው፣ በቡሎን እሰራቸው። ሥሩን ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አሳርፈው። አግዳሚው ከረገበ በክሪክ በትንሽ በትንሹ አንሣው፣ በአንድ ጊዜ ካነሣኸው ግድግዳው ይሰነጠቃል። ልስኑ የጤፍ ጭድ ያለው፣ ቀናት የቦካ ጭቃ ይሁን። አሸንዳም አስገጥም።

ሰፈርተኛ፦ ያው ደግፈው ነው የምንልህ።

ሕግ አዋቂ፦ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ያለ ፈቃድ አትጠግን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። የከተማውን ባህል ቢሮ ጠይቅ።

አናጺው፦ ፈቃዱ ነገ ይጠየቅ። ድጋፉ ግን ዛሬ!

የግቢው ልጅ፦ አጣና ልገዛ ወጣሁ። ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ነጋ እኮ። ቆመ ወይስ ወደቀ?