ቴፑ ካሴቴን በላብኝ! ነገ ማታ ያስፈልገኛል፣ እባካችሁ

የጉለሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ካሴት አሁን ቴፑ በላብኝ። ክሩ ውስጥ ገብቶ ተጠምጥሟል፤ ትንሽ ስስበው እምቢ አለ። ነገ ማታ አብሮ አደጎቼ ቤቴ ይመጣሉ። አንዷ ስንት ዓመት ቆይታ ከቶሮንቶ ነው የመጣችው። «ያቺ ካሴት አለች፣ አብረን እንሰማታለን» ብያቸዋለሁ። ምን ላድርግ?

ናቲ 22፦
እትዬ፣ አይጨነቁ። ዩቲዩብ ላይ ስሙን ቢጽፉ ሙሉው ይወጣል። በብሉቱዝ ስፒከር ከፍቶ እስክስታ መውረድ ነው።

ጥገና ቤት፦
እህቴ፣ በምንም ዓይነት አትሳቢ። መጀመሪያ ቴፑን ከሶኬት ንቀይ። ከዚያ ሦስት ነገር ንገሪኝ፦ ክሩ ተበጥሷል ወይስ ተጨማዶ ብቻ ነው? ካሴቱ ከቴፑ ወጥቷል ወይስ ገና ውስጥ ነው? ካሴቱ ብሎን አለው ወይስ ዙሪያውን የተጣበቀ ነው?

የዲሲው፦
ቢክ እስክሪብቶ! ጥርሱ ውስጥ አስገብተሽ ማጠንጠን ነው። እኛ ለባትሪ ስንሳሳ ካሴት የምናጠነጥነው በእጃችን ነበር። በሰዓት እላፊው ጊዜ አንዴ ፓርቲ ከገባሽ እስኪነጋ መውጫ የለም፤ ያቺን አንድ ካሴት እያገላበጥን ነበር የምናነጋው። ማህሙድ ሲመጣ የተቀመጠ ሰው አይኖርም። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እንሰቅል ነበር።

እናት ዓለም፦
ከተበጠሰ በጥፍር ቀለም ይቀጠላል። ታላቅ እህቴ እንዲያ ነበር የምታደርገው፤ ቀይ ባይሆን ይመረጣል እንጂ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ይህ ሥራ መጀመሪያ የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. በሸክላ ነው። ያሳተመው አሊ ታንጎ እያልን የምንጠራው ሰው የመሠረተው ካይፋ ሪከርድስ ሲሆን፣ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ በኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ማለት ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂየም ድርጅት በአውሮፓ አወጣው፣ ፈረንጅም ያን ጊዜ ነው ማህሙድን ያወቀው። ኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ውስጥ 7ኛው ቅጽ ሆኗል። ማህሙድ በልጅነቱ ሊስትሮ ነበር። አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ። ስለዚህ እህታችን የያዘችው ካሴት ከሸክላው የተቀዳ ቅጂ ነው፣ ዋናው አይደለም። ቢጠፋም ሥራው አልጠፋም።

የጉለሌዋ፦
ጥገና ቤት፣ ካሴቱ ወጥቷል፤ ክሩ ግን አንድ ክንድ ያህል ቴፑ ውስጥ ቀርቷል። አልተበጠሰም መሰለኝ። ብሎን አለው፣ አምስት።

ናቲ፣ ዩቲዩቡን ሰምቼዋለሁ የኔ ልጅ። እሱ አይደለም። እዚያ ያለው ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። የእኔ ካሴት ላይ ፈጠን ይላል፣ ሳክስፎኑም ቀጠን ይላል። ይህን ካሴት በ1978 ዓ.ም. ሙዚቃ ቤት ሄጄ ነው ያስቀዳሁት፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ማህሙድን የማውቀው በዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ሲሰናበተን እዚያ ነበርኩ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ! እያለቀስኩ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ካሴቷን ለመስማት ቀን ስጠብቅላት ነበር።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የሚጎተተው ዩቲዩቡ ሳይሆን የሚሮጠው የአንቺ ካሴት ነው። የቀዳው ሰው ዴክ (መቅጃ ቴፑ) ቀስ ብሎ የሚዞር ከነበረ፣ ያ ካሴት በደህና ቴፕ ሲከፈት ይፈጥናል፣ ድምፁም ወደ ላይ ይወጣል። ሸክላው እቤቴ አለ። ማህሙድ የዘፈነው በሸክላው ፍጥነት ነው።

የጉለሌዋ፦
ይሁንልህ ወንድሜ። ግን ነገ የሚመጡት ሴቶችም የሚያውቁት የእኔን ነው። ሁላችንም ከዚያው ካሴት ነው የቀዳነው።

ጥገና ቤት፦
ክርክሩን ለነገ አቆዩትና እህቴ ስሚኝ።

ክሩ የተጠመጠመው ክሩን በምትስበው ትንሽ ክብ ላስቲክ ላይ ነው። ላስቲኳን በጣትሽ ወደ ኋላ እያዞርሽ ክሩን ፍቺ። ከተጣበቀ በስቴኪኒ ፈልቅቂው፣ መርፌና መቀስ እንዳትነኪ። ሲወጣልሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ የተጣመመ እንዳለ እዪ፤ ተገልብጦ ከገባ ሙዚቃው ወደ ኋላ ነው የሚሰማሽ። የተጨማደደውን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ላይ በጣት አሽተሽ አቅኚው። ካውያ የሚል ሰው ይመጣል፣ አትስሚው፤ ይቀልጣል።

ከተበጠሰ ደግሞ የጥፍር ቀለም አይሆንም። ይደርቅና ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) ይፍቃል። ሁለቱን ጫፍ ደርበሽ በምላጭ ሰያፍ ቁረጪ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይወጣ ጫፍ ለጫፍ ግጠሚ፣ በጀርባው በኩል ቀጭን ፕላስተር ለጥፊ። ጀርባ የምልሽ ወደ ውስጥ የሚዞረውን ገጽ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያየው ሄዱን የሚነካው፣ ድምፁ ያለበት ነው። የክሩ ወርድ 4 ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ትርፉን ፕላስተር በምላጭ አስተካክለሽ ቁረጪ። ተራ ፕላስተር ሙጫው ውሎ አድሮ ይወጣና ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል፤ ለነገ ማታ ግን ያደርስሻል። መቁረጥ አትፍሪ። ካሴት በሰከንድ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሄደው፣ 5 ሳንቲ ብትቆርጪ አንድ ሰከንድ ነው የምታጪው። ግን በሌላኛውም ፊት እንደዚያው ይጎድላል፣ ክሩ አንድ ስለሆነ።

ዋናው ነገር፦ ወደዚያው ቴፕ እንዳትመልሺው! ካሴት የሚበላ ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ ቺንጋው (ጥርሱን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ) ረግቧል። ላስቲኳ ክሩን እየሳበች ትሰጣለች፣ የሚጠቀልለው ጥርስ ግን አይዞርም፤ ትርፉ ክር መሄጃ ሲያጣ ይጠመጠማል።

የዲሲው፦
ይሄ ሰው መርካቶ ሱቅ ከሌለው አላምንም።

ቀበና፦
ማንም ያላለውን ልበል፣ በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥኚው።

እናት ዓለም፦
ሌላ ቴፕ ከጎረቤት ለምኚ እታለም። ቄስ ሰፈር እኔ ጋ የሚሠራ ሬዲዮ ቴፕ አለኝ፤ ቅርብ ከሆንሽ ነገ ጠዋት ልጄ ያደርስልሻል። የጥፍር ቀለሙን ግን እህቴ ሠርቶላታል፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ጥገና ቤት፦
እናት ዓለም፣ እግዜር ይስጥልን። የተዋሰችውንም ቴፕ መጀመሪያ ሄዱንና ላስቲኳን አልኮል በነካ ጥጥ ትጥረገው፣ ከዚያ በማይረባ ካሴት ትሞክረው። ሁለቱንም ፊት ሙሉ ካጫወተ የማህሙድን ታስገባ። ወደፊትና ወደኋላ ማስሮጫውን አትንኪ፣ ቅጥሉን ይገነጥለዋል።

ናቲ 22፦
እትዬ፣ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ከሠራ ገመድ አምጥቼ ወደ ላፕቶፕ ልቀዳልዎት እችላለሁ። ኦዳሲቲ የሚባል ፕሮግራም አለኝ፣ በነጻ ነው። ከተቀዳ በኋላ ፍጥነቱንም ማስተካከል ይቻላል።

የጉለሌዋ፦
ናቲ ተባረክ፣ ና። ፍጥነቱን ግን እንዳትነካብኝ!

ክሩ ወጥቷል፤ እንደ ጥገና ቤት አባባል ላስቲኳን ወደ ኋላ አዞርኳት። አንድ ቦታ ተበጥሷል፣ ከጭማዳው አጠገብ። ክሩ ከካሴቱ ውስጥ ስለተወላከፈ አምስቱንም ብሎን ፈትቼ ከፈትኩት። አሁን አንድ ትንሽ ስፖንጅ በቀጭን ብረት ላይ ያለች ነገር ወድቃ አገኘሁ። የት ነው የምትገባው?

ጥገና ቤት፦
መሀል ላይ፣ ሄዱ በሚገባበት ክፍት ቦታ። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው እሷ ናት፤ ከሌለች ድምፁ ይታፈናል። ስፖንጇ ክሩን ከጀርባው እንድትነካ አድርገሽ ብረቱን ቦታው ላይ ሰኪው። ሽፋኑን ከመግጠምሽ በፊት ክሩ በሁለቱም ጥግ ባሉት ትንንሽ መዘውሮች ውጭ ማለፉን እዪ። ብሎኖቹን በየተራ ላላ አድርገሽ ጀምሪ፣ አንዱን ብቻ አታጥብቂ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ ካሴቱ እምቢ ካለሽ ሸክላውን ከነማጫወቻው ይዤ እመጣለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ከተሠራ ደግሞ እኔም ያንቺን ብሰማው ደስ ይለኛል።

የዲሲው፦
እሺ፣ ምን ሆነ? እዚህ ቅዳሜ ማታ አልፏል።

ቀበና፦
የጉለሌዋ፣ ጓደኞችሽ መጡ?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል፤ የአባቴ የጥላሁን ካሴት ነው። የእኔ ግን ብሎን የለውም፣ ዙሪያውን የተጣበቀ ነው። በምን ልክፈተው?

ጥገና ቤት፦
አልተበጠሰም ከሆነ አትክፈተው። ከተበጠሰ ግን ሌላ ብሎን ያለው ባዶ ካሴት አዘጋጅ፤ የዚህን ጠርዝ በቢላ ጫፍ ከጥግ ጀምረህ ቀስ ብለህ ፈልቅቀህ፣ ሁለቱን ጥቅል ወደዚያኛው ታዛውራለህ። ክሩ ተበጥሷል?