የካራቫን ጎማ ቁልፍ፦ የቱን ልግዛ፣ እንዴትስ ይገጠማል? (ጅማ)

ቡና በመንገድ
ሰላም የጅማ ልጆች። ከውጭ የገባች ያገለገለች ተጎታች ካራቫን ገዝቼ ቡናና ሳንድዊች ልሸጥባት እያዘጋጀኋት ነው። ቀን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትቆማለች። ችግሩ ማታ ነው። የማሳድርበት ግቢ በር የለውም፣ የቆርቆሮ አጥሩም ግማሹ ወድቋል። ፒካፕ ያለው ሰው ጋንቾው ላይ አንጠልጥሎ ይዟት ቢሄድ ማን ያስቆመዋል? አንድ በያጅ በፌሮ የጎማ መቆለፊያ ልሥራልህ ብሎኛል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ፋብሪካ የሠራውን አስመጣ ይለኛል። የትኛው ይሻላል? ሲገጠምስ ምን ልጠንቀቅ? ባለ አንድ አክስል ናት።

ፈረንጅ አራዳ
አቦ ምን አስጨነቀህ! ዘበኛ ቅጠር፣ በቃ።

የመርካቶው መካኒክ
ዘበኛውም ይተኛል እኮ 😄 ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጎማህን ጎን አንብብ። 185/70 አር 13 የመሰለ ጽሑፍ ታገኛለህ። 185 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፣ 13 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች። ይህን ሳትይዝ ከገዛህ ቁልፉ ወይ አይገባም ወይ ይላወሳል፣ የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ሌባው ጎማውን አስተንፍሶ አሾልኮ ያወጣዋል።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ግን ብሎኑን ነው። ብዙው ቁልፍ ጎማው እንዳይዞር ይይዛል እንጂ እንዳይፈታ አይከለክልም፣ ስለዚህ ክሪክና ስኮርታ ይዞ የመጣ ሌባ ጎማህን ከነቁልፉ ፈትቶ እዚያው ይጥልልህና የራሱን ገጥሞ ላሽ ይላል። መሃሉ ላይ ሰፊ ላሜራ ኖሮት ብሎኖቹን በሙሉ የሚሸፍን ያዝ። ስትገዛ የጎማ መፍቻህን ይዘህ ሂድ፣ ወይም ቤት ገጥመህ ሞክረው። መፍቻው አንዷ ብሎን ላይ እንኳ ገብቶ ከተቀመጠ መልስላቸው።

የፌሮውን ነገር ተወው። ፌሮ በእጅ መጋዝ የሚቆረጥ ብረት ነው፣ በዚያ ላይ የምትሰቅልበት ጓጉንቸር ከገበያ የምታገኘው ቀጭኑ ከሆነ ፌሮውን መንካትም አያስፈልግም። በያጅህ ጎበዝ ከሆነ ከወፍራም ላሜራ ያሠራህ፣ የጓጉንቸሩን አንገት የሚደብቅ ኪስም ያብጅለት።

ጋሼ ተጎታች
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ልጄ፣ ካራቫኗ ከአውሮፓ ከመጣች ጋንቾው አካባቢ አልኮ የሚል ጽሑፍ መኖሩን እይ፣ የጀርመን ሻሲ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ከጎማው ጀርባ አክስሉ ላይ ቁልፍ መቀበያ ብረት ተገጥሞ ይመጣል። የራሱ ቁልፍ በቸርኬው ክፍተት አልፎ እዚያ ብረት ውስጥ ስለሚታሰር ጎማው አይዞርም፣ አይፈታምም። ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ክፋቱ ቁልፉ እንደ ቸርኬው ቅርጽ ይለያያል፣ የሌላ ሰው ለአንተ ላይሆን ይችላል።

ፋብሪካ የሠራውን ካሰብክ ደግሞ እንግሊዞቹ ሶልድ ሴኪዩር የሚሉት የፍተሻ ማኅተም አላቸው። ደረጃው ከነሐስ ይጀምራል፣ ብር፣ ወርቅ እያለ አልማዝ ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ ፈልገው። ሆኖም ግራይንደር ያለውና ጊዜ ያገኘ ሰው የማይቆርጠው የለም። ቁልፉ የሚገዛልህ ጊዜ ነው፣ ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ስለሚያስፈልግ ዘበኛውን የመከረህም አልተሳሳተም።

ቡና በመንገድ
ገለቶማ ጋሼ! አሁን ወርጄ አየሁ፣ አልኮ ነው፣ መቀበያውም አለ! ግን ቀዳዳው ከቸርኬው ክፍተት ጋር አይገጥምም። ቸርኬው ሽፍን ብሎበታል። ተበላሽቶ ነው?

ጋሼ ተጎታች
አልተበላሸም። ጎማው የቆመበት ቦታ ነው። በክሪክ ከፍ አድርገህ በእጅህ አዙረው፣ ክፍተቱ መቀበያው ፊት ሲመጣ ዝቅ አድርግ። ከማንሳትህ በፊት ግን በዚያኛው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አስገባ፣ ክሪኩንም ለክሪክ በተሠራው ቦታ እንጂ ስሱ ወለል ሥር እንዳታደርገው። ካራቫን ሥሩ እንጨት ነው፣ ይበሳል። የምታዞረው ጎማ የእጅ ፍሬኑን ካልለቀቅክ አይዞርልህም፣ ታኮው ለዚያ ነው።

የመርካቶው መካኒክ
ፍሬን ካነሳችሁ አይቀር፣ የጅማን ዝናብ እናውቀዋለን። ፍሬን ስበህ ለረጅም ጊዜ ካቆምካት ሸራው ታምቡሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሜዳ ላይ ከሆነች በታኮ አቁማት፣ ቁልፉንም እንደ ፍሬን አትመካበት። የቁልፉን ቀዳዳ በከመነዳሪ ቁራጭ ሸፍነው። ሲደርቅብህ ግራሶ እንዳታደርግበት፣ አቧራ ይሰበስብና ያንቀዋል። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ይበቃዋል።

ጋንቾውንም ቆልፍ። የጎማው ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው።

ፈረንጅ አራዳ
ቁልፉ ሳይወልቅ ተነስተህ እንዳትጎትታት ብቻ፣ ቸርኬውን ይጎርደዋል። ቀይ ጨርቅ መሪህ ላይ እሰር።

ቡና በመንገድ
እሺ። ትርፍ ቁልፏን የት ላስቀምጣት?

ጋሼ ተጎታች
ካራቫኗ ውስጥ አታስቀምጣት እንጂ የትም። ቁልፏ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ ጽፈህ ያዝ፣ ብትጠፋ ምትኳ የሚታዘዘው በሱ ነው።