ዘፈኑ ጠይሟን ያሞግሳል፣ ክሊፑ ቀይ ይፈልጋል

አስተናባሪዋ (አራት ኪሎ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ለሙዚቃ ክሊፕ ሴቶች ይፈለጋሉ ይላል። ዕድሜ ከ18 እስከ 25፣ ቁመት ከ1 ሜትር ከ68 በላይ፣ ጸጉር ረዥም፣ መልክ ቀይ ወይም የቀይ ዳማ። ለጣፊው ከዘፈኑ ቀንጨብ አድርጎ አያይዞታል። ዘፈኑ የሚያወድሰው ጠይም ልጅ ነው! ሰው ሲስቅ አደረ፤ ማስታወቂያውም ተነሳ። እኔ ግን በሳቅ ብቻ እንዲያልፍ አልፈለግሁም። ጥያቄው ይኸው፦ ፖፕ ሙዚቃችን ሴት ልጅ መልኳን እንድትቀበል ያግዛታል ወይስ እንድታፍርበት ያደርጋታል? ስድብ የለም። የዘፋኝ ስም እየጠሩ መዝለፍ የለም። የድምጽ መልእክትም ይቅር፣ ባለፈው አንዱ 9 ደቂቃ አውርቶ ጨርሶናል።

ገጣሚው (ስድስት ኪሎ)፦ እኔ ልጀምር። ግጥም እጽፋለሁ፤ የተዘፈነልኝም አለ። አማርኛ ዘፈን መቼ ነው ጠይም ሴትን ያዋረደው? ከጥንት ጀምሮ አንገተ መቃ፣ ተረከዘ ሎሚ፣ ዓይነ ጎላ እያልን ነው። ይሄ ውዳሴ ነው። ማስታወቂያውን የጻፈው ሌላ፣ ግጥሙን የጻፈው ሌላ። የእሱን ዕዳ ለእኛ አታሸክሙን።

ጥቁሯ (ለገሃር)፦ ወንድሜ፣ ጠይም ጠይም አልክ። እኔ ጠይም አይደለሁም፣ ጥቁር ነኝ። አንገቴ አጭር ነው። ተረከዜ በበጋ ይሰነጠቃል። ውዳሴህ እኔ ሰፈር ሳይደርስ ነው የሚመለሰው። ደግሞ ለክሊፕ ምርጫ ሄጄ አውቃለሁ። ጭፈራዬን አይተው አጨበጨቡ። ከዚያ «ከኋላ ትቆሚያለሽ» አሉኝ። ከፊት የቆመችው ልጅ እጇን ማንሳት እንኳ የምትፈራ ናት፤ ግን ቀይ ናት።

የካሴት ሰው (ፒያሳ)፦ ልጆቼ፣ እኔ ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ የዘፋኝን መልክ የምናውቀው ከካሴቱ ልባስ ላይ ነበር፤ መዳፍ የማትሞላ ፎቶ። ቴሌቪዥኑ አንድ ጣቢያ፣ እሱም በስንት ቤት? አስቴር አወቀን ሕዝቡ በጆሮው ነው የወደዳት። ሱቄ ገብቶ «መልኳ እንዴት ናት?» ያለኝ ሰው አላስታውስም። ችግሩ የመጣው ዘፈን የሚታይ ነገር ሲሆን ነው።

ፀጉር ሠሪዋ (ፒያሳ)፦ ጋሼ፣ እርስዎን ላርም አይደለም፤ ግን ያኔም ቢሆን ሴቶች ቢጉዲን ጠቅልለው ካስክ ውስጥ ሲቀቀሉ ነበር። እናቴ የጀመረችው ያንን ሥራ ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። አሁን ደንበኛ ወንበር ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምታወጣው ስልኳን ነው። ከክሊፕ ላይ የቆረጠችውን ፎቶ ታሳየኛለች። «ይሄንን አድርጊልኝ።» ፎቶው ላይ ያለው ሂውማን ሄር ነው። በራሷ ጸጉር ያንን ማውጣት አይቻልም። ብነግራትም አታምነኝም። ስለዚህ በየሳምንቱ ጸጉሯን በጋለ ብረት ፔስትራ ትመታለች፣ በወሩ ጫፉ ይበጣጠሳል፣ ከዚያ ሰው ሠራሽ ይቀጠልለታል። ሲጎተት የግንባሯ ጸጉር ይሸሻል። ሹሩባም ከጠበቀ ያው ነው፣ ለባህል ብዬ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ለእንቁጣጣሽ ሁሉም ሹሩባ ይሠራሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሁሉም ፔስትራ። ክሊፑም እንዲሁ ነው። የባህል ዘፈን ከሆነ ቁጥርጥር፣ ዘመናዊ ከሆነ ዊግ። የራሷ ከርዳዳ ጸጉር እንዳለ ተበጥሮ የሚታየው መቼ ነው? የታመመች ሴት ስትተውን።

ሂሳብ ሠራተኛው (ካዛንቺስ)፦ ሁሉን በዘፈን አታላክኩ። «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ትጠቁሪያለሽ» የሚለው ዘፋኝ ነው? እናት ናት። ልጅ ስትወለድ ጠያቂ ሁሉ ገብቶ ጆሮዋን የሚያየው ለምንድን ነው? ቀለሟን አስቀድሞ ለማወቅ። ዘፋኙ ገበያው ያለውን ነው የሚሸጠው።

አስተናባሪዋ፦ ይሄ እውነት አለው። ጆሮ ማየቱን እኔም ቤት አይቻለሁ። ግን ገበያውን ያገኘው ሰው ምንም ኃላፊነት የለበትም ማለት ነው?

ካሜራማኑ (ካዛንቺስ)፦ ሥራዬ ስለሆነ ከውስጥ ልንገራችሁ። ከፋዩ ዘፋኙ ነው፣ አንዳንዴ ስፖንሰር ነው። «ቀይ አምጣ» የሚለው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የመብራት ነገር አለ። ቀይና ጥቁር ልጅ አንድ ላይ ሲቆሙ ለአንዷ ስታስተካክል ሌላዋ ትጠፋለች። ሁለቱንም ለማውጣት መብራት ትጨምራለህ፤ መብራት ደግሞ ኪራይ ነው። ይሄ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የድሮ የቀለም ፊልም ራሱ ሲሠራ በነጭ ሰው ቆዳ ተለክቶ ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ጠቆር ያለ ቀለም በደንብ እንዲወጣ የገፋፉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው ይባላል፣ ዕቃችን በፎቶ አላምር አለ ብለው።

ጥቁሯ፦ ለቸኮሌት የተስተካከለ ለእኔ አቃተህ? አሁን እኮ ዲጂታል ነው። የእኔ ስልክ ማታ ታክሲ ውስጥ ያወጣኛል።

ካሜራማኑ፦ ስልክሽ ፊልተር አለው።

ጥቁሯ፦ አጥፍቼዋለሁ። እሱም የሚያቀላኝ ስለሆነ።

ፋርማሲስቷ (ሜክሲኮ)፦ ዘፈኑን ለእናንተ ልተወው። እኔ ጋ የሚመጣው ክሬሙ ነው። አንዳንዶቹ ክሎቤታሶል ይጠይቃሉ። ይሄ ለቆዳ በሽታ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። እነሱ ግን ፊታቸውን ይቀቡታል፣ በየቀኑ። መጀመሪያ ያምራል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል። ሲያቆሙት ፊት ደም ይመስላል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። ሃይድሮኩዊኖን የሚባል ቆዳ ማንጫ ኬሚካልም አለ። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ለመንጣት የተቀባው ቦታ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያንን ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሜርኩሪ ያለበት ነው። ኩላሊት ይጎዳል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት በአንድ ኪሎ መዋቢያ ውስጥ ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አገሮች ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ጭራሽ እንዳይመረት ተስማሙ።

ጋና እ.ኤ.አ. በ2016 ሃይድሮኩዊኖን ያለበትን መዋቢያ ከልክላለች። እኛም ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሰጥቶታል። ነገር ግን የምርት ስሙ ተፍቆ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ተገልብጦ በሰው በሰው የሚሸጠውን ማን ይቆጣጠር? «ምን አለበት?» ስላት «እኔንጃ፣ ጓደኛዬ ናት ያመጣችልኝ» ትለኛለች። እባካችሁ፣ የትኛውንም ያህል ዘፈን ብትወቅሱ ይህን አንብቡልኝ።

ገጣሚው፦ ይሄ ያስደነግጣል። ግን ዘፈን ያድናል ብዬም አምናለሁ። ውጭ አገር ተመልከቱ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሊሺያ ኪስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሜካፕ አልቀባም ብላ በባዶ ፊቷ ወጣች። እኛም አንድ ትልቅ ዘፋኝ እንዲህ ብታደርግ ልጃገረዶቹ ይከተሏታል።

አስተናባሪዋ፦ አሊሺያ ኪስ እ.ኤ.አ. በ2020 የቆዳ መንከባከቢያ ምርት ይዛ መጣች፣ ከአንድ የመዋቢያ ኩባንያ ጋር። አልፈርድባትም። ሰው ይነግዳል። ግን «ራስሽን ተቀበዪ» የሚለውም ነገር ዞሮ ዞሮ በብልቃጥ ይሸጣል። የሳሙናና የመዋቢያ አምራቹን ዩኒሊቨርን እዩ። በዶቭ ሳሙና ሴቶች መልካቸውን እንዲወዱ ያስተምራል። በዚያው ጊዜ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የሚባል ቆዳ ማቅያ ክሬም ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙን ቀየረው፤ ክሬሙ አሁንም ሱቅ አለ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። «እንዳለሽ ቆንጆ ነሽ» የሚለው ዘፈን ራሱ ከመልክ አይወጣም። ወንዱን በዘፈን ማን እንዲህ ያባብለዋል? ወንዱ ጀግና ነው፣ ደግ ነው፣ ቃሉን ይጠብቃል። ራሰ በራ ቢሆን ማንም አያነሳበትም፤ «እንዳለህ ቆንጆ ነህ» ብሎ የሚያጽናናውም የለም። ስለማያስፈልገው!

ሂሳብ ሠራተኛው፦ ራሰ በራ ያልሺው እኔን ነው?

አስተናባሪዋ፦ ስም መጥራት የለም ብያለሁ እኮ።

ፀጉር ሠሪዋ፦ «የኛ» የሚባለውን የሙዚቃ ቡድን ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመሩት አምስቱ ሴቶች። ሬዲዮ ድራማም ነበራቸው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ትምህርት፣ ጓደኝነት ነበር ጉዳያቸው። እህቴ ዘፈናቸውን በቃሏ ትወጣው ነበር፤ ስለ አፍንጫ ቅርጽ የሚያወራ አልነበረም።

ሂሳብ ሠራተኛው፦ በእንግሊዝ እርዳታ ነበር እኮ። የለንደን ጋዜጦች በእንግሊዞቹ የሴቶች ባንድ ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ሲያብጠለጥሉት ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ መንግሥታቸው ገንዘቡን አቆመ። ገበያ የማይከፍልበት ነገር መጨረሻው ይሄ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ፦ ገንዘቡ ቆመ እንጂ «የኛ» አልቆመም። በቴሌቪዥን ቀጥሏል።

የካሴት ሰው፦ ሞዴሏን ሊያ ከበደን አትርሱ። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ሊሴ ገብረማርያም የተማረች ጠይም ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ሆነች። ቀለም አላገዳትም።

ጥቁሯ፦ አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን እሷን ዓለም ያያት ከዚህ ከወጣች በኋላ ነው። እዚህ ብትቀር ያንን ማስታወቂያ ታልፍ ነበር? ቁመቱን አዎ። ቀለሙ ላይ ይጥሏት ነበር።

ካሜራማኑ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም። ግን ቅዳሜ የምቀርጸው አለ። ማስታወቂያውን አሁን ልጻፈው፦ 3 ሴቶች፣ መጨፈር የሚችሉ፣ ቁመት ከ1 ሜትር ከ68 በላይ። ቀለም አልጻፍኩም።

ጥቁሯ፦ ቁመቱንም አውጣው።

ካሜራማኑ፦ ዘፋኙ ረዥም ነው፣ አይሆንም።

ፀጉር ሠሪዋ፦ እሱ ይቀመጥ።

ካሜራማኑ፦ እሺ፣ እነግረዋለሁ። ጸጉር ግን ረዥም ይሁን ብሏል።

ፀጉር ሠሪዋ፦ ዊጉን ማን ይገዛል? ልጆቹ ከኪሳቸው ነው?

ካሜራማኑ፦ እስካሁን ራሳቸው ናቸው ይዘው የሚመጡት።

ጥቁሯ፦ ስለዚህ ከዊጉ እንጀምር። ክፍያውስ ስንት ነው? ከጠዋት እስከ ማታ መሆኑን አውቃለሁ፤ የታክሲም ጨምረህ ንገረን።